አስቻለች አባቷን የሆነችበት ቀን

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ወሩ ሰኔ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ነፋስ የለም፣ ዝናብ ከጣለ ዘጠኝ ቀን አልፏል። ፀሐይዋ ከጥዱ ጫካ ጀርባ ለወጉ ያህል ጎንበስ ትልና ሰው ጫማውን አውልቆ ሳይጨርስ ተመልሳ ብቅ ትላለች። ቦሼ አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሎ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅሏል፣ በብርድ ልብሱ ላይ ፎጣ ደርቧል፣ ብርሃኑ ግን ቀዳዳ አያጣም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሲጨልም ተኝቶ ሳይነጋ የተነሣ ሰው ነው፤ ከጂንካ በላይ ባለው ተረተር ላይ በቆሎና ጎደሬ እያበቀለ ጀምበርን እንደ አለቃ ሲታዘዝ ኖሯል፤ አሁን አለቃዋ ራሷ አልተኛም ካለች እርሱ ምን ያድርግ። በዚህች በስዊድን ሰሜን ባለች ትንሽ ከተማ አምስት ወር ተቀምጧል። ሲመጣ ደግሞ ተቃራኒው ነበር፣ ጥር ላይ ቁርስ ተበልቶ ሳያልቅ ይመሻል፣ ያን ጊዜ ሲተኛ ሲተኛ ወገቡን አሞት ነበር። ይህ አገር ሲሰጥም ሲነሣም መጠን የለውም፣ ብሎ አሰበ። እውነቱን ለመናገር ግን ዛሬ እንቅልፍ የነሣችው ፀሐይዋ አይደለችም። ልጁ ናት። አስቻለች ናት፣ የእርሱን ካፖርት ለብሳ።

እንዴት እዚህ እንደደረሰ ሲያስበው አሁንም ይገርመዋል። ኢንግሪድ የምትባል የዚህ አገር ሴት፣ የሰውን አኗኗር የምታጠና፣ ካሜራ ተሸክማ መጥታ በእነርሱ ቀበሌ አንድ ዓመት ተቀመጠች። አማርኛ እየሰበረችም ቢሆን ትናገራለች፣ የቀበሌው ሰው ቋንቋ የሆነው አሪኛ ግን ከሰላምታ አያልፍላትም፤ ባነሣችው ፊልም ውስጥ ደግሞ ሰዎቹ የሚናገሩት በአሪኛ ነው። ስለዚህ አሪኛውን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው አስፈለጋት፤ አማርኛውን ወንድይፍራው የሚባል እዚሁ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ወደ ስዊድንኛ ይጽፈዋል። መጀመሪያ የታጨው መምህር ዓባይነህ ነበር፣ የመውጫ ፈቃድ ሳይገኝለት ቀረ። ያኔ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ቦሼን አቀረበ። አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሯል፣ አለ፤ አምስት ልጆች አሉት፣ ይመለሳል፤ ከሁሉ በላይ ወሬ አያበዛም። ሚስቱ አስካለ ይህን ስትሰማ እጇ ላይ የነበረውን ቅል አስቀምጣ ሳቀች። "የአስቻለች አባት፣ አንተን ለወሬ? እኔ ሃያ ዓመት አንድ ወሬ ከአፍህ ስለምን ኖሬ፣ ፈረንጆቹ በአውሮፕላን ወሰዱህ?" አለችው። እርሱም እህ አለ። የስንብት ቃሉ ያ ነበር። ሰው ስንት አገር አቋርጦ ሲሄድ ለሚስቱ እንዴት እህ ብሎ ይሄዳል።

አገሩ ክፉ አይደለም፣ የሚያስቸግረው ሥርዓቱ ነው። ልብስ ለማጠብ እንኳ ቀጠሮ ይያዛል፤ ከሕንፃው ምድር ቤት ሰሌዳ አለ፣ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ቁልፍ ሰሌዳው ላይ ሰክቶ ሰዓቱን ይይዛል። ቦሼ በመጀመሪያው ሳምንት ይህን ሳያውቅ በሌላ ሰው ሰዓት ገባ፤ ፀጉሯ እንደ ጥጥ የነጣ አንዲት ባልቴት መጥታ በማያውቀው ቋንቋ አንድ ሰዓት የሚያህል ተቆጣችው፣ በኋላ ግን ሳሙናውን በማይሆን ቀዳዳ እንደጨመረው ስታይ አዘነችለትና እጁን ይዛ አስተማረችው። ወንዱ ሸሚዙን ሲያጥብ አስካለ ብታየው ምን ትል ነበር? አሁን በሁለት ሳምንት አንዴ ያጥባል፣ የታጠበውን ታቅፎ ደረጃውን ሲወጣ፣ ለማንም አይናገርም እንጂ፣ ደስ ይለዋል። መንገድ ላይ ጢማቸው የተንዠረገገ ወንዶች ሕፃን በጋሪ እየገፉ ያልፋሉ፣ ሲያለቅስባቸው አንሥተው ትከሻቸው ላይ ያደርጉታል፣ ማንም ዞሮ አያያቸውም። እኔ አምስት ወልጄ አንዱን እንኳ እንዲህ አቅፌ መንገድ ወጥቼ አላውቅም፣ ነውር ነበር፣ አለ በሆዱ። ማን ዘንድ ነውር እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረ፣ አልመጣለትም።

የእርሱ መንደር ሰዎችስ ኢንግሪድን ምን አድርገዋት ነበር? መንደር እንደደረሰች የሁሉም ጭንቀት የት ትቀመጥ የሚለው ሆነ። በደቦ ቀን ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በሌላ በኩል ሆነው ቦርዴያቸውን ይጠጣሉ። ሴት ናት፣ ግን ሱሪ ታጥቃለች። ባል የላትም፣ ልጅ የላትም፣ ብቻዋን አገር ታቋርጣለች። ሸክሟን እንደ ወንድ በትከሻዋ ትሸከማለች፣ የእነርሱ ሴት ግን በጀርባዋ ነው የምትሸከመው። ሽማግሌዎቹ ግማሽ ቀን ተነጋግረው ነገሩ ወደ ትከሻው አደላ፤ ከወንዶቹ ጎን በርጩማ ተሰጣት፣ ከወንዶቹ ቅል ተቀዳላት። ሴቶቹ ውሳኔውን ሰምተው ምንም አላሉም፣ ወንዶቹ በሌሉበት ቀን ግን ጠርተው የራሳቸው አደረጓት። እንግዲህ በዚያ ቀበሌ ሁለቱንም ወገን ያየች እርሷ ብቻ ናት፤ እኔ ተወልጄበት፣ ሃምሳ ዓመት ኖሬበት፣ ግማሹን ብቻ ነው ያየሁት።

ሌላውን ግማሽ ያየው በዚህ ሳምንት ረቡዕ ነው። ኢንግሪድ የሥራ ጠረጴዛ ላይ ፊልሙ ይዞራል፣ ትንሿ መስታወት ላይ ሰው ይንቀሳቀሳል፣ እርሱ እየሰማ ይናገራል፣ ወንድይፍራው ይጽፋል። መስታወቱ ውስጥ ያለው ያለፈው ዓመት ግንቦት ነው፤ የእርሱ የበቆሎ ማሳ ነው፣ ሴቶቹ ያርማሉ። ወንዶቹ አልዱባ ገበያ ወርደዋል። አልዱባ ቆላ ነው፣ ይሞቃል፣ ስለዚህ ቦሼ ካፖርቱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ነበር የሄደው። አሁን ያ ካፖርት ከቤት ወጥቶ ወደ ማሳው ይመጣል። ውስጡ አስቻለች አለች። እጅጌው እስከ ጣቷ ጫፍ ወርዷል፣ የአባቷን ዘንግ ይዛለች። ሴቶቹ ሥራቸውን ጨርሰው ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ ለካ ልማዳቸው ነው፣ አረሙ ሲያልቅ አንዷ ባል ትሆናለች፣ አንዷ አማት፣ አንዷ ሊቀ መንበር፤ ወንዶቹ ይህን አያውቁም፣ ሴቶቹም አይነግሯቸውም። ልጅቷ ትራመዳለች። ቦሼ የራሱን አካሄድ አይቶ አያውቅም፣ ማንስ አይቶ ያውቃል፣ ግን ወዲያው አወቀው። ግራ እግሩ ትንሽ ትዘገያለች፣ ዘንጉ ከእግሩ ቀድሞ መሬት ይነካል፣ ዓይኑ ሩቅ ነው፣ ጎረቤት ሰላም ሲለው አንገቱን እንደ በሬ አንዴ ይሰብራል። ገና ምንም ሳትናገር ሴቶቹ መሬት ላይ ይንከባለላሉ። አስካለ ራሷ፣ የገዛ ሚስቱ፣ በሻሿ አፏን ይዛ እንባዋ ይወርዳል።

ከዚያ ጎረቤታቸው አረጋሽ ተነሣች፤ የካኮ መንደሩን ተሰማን ሆናለች። ተሰማ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ለልጁ ለንጉሤ አስቻለችን ሊጠይቅ መጥቶ፣ ቦሼም እሺ ብሎ አንዲት ጊደር ተቀብሎ ነበር። አረጋሽ ሆዷን ነፍታ ስለ ከብቶቿ፣ ስለ ቀፎዎቿ፣ ስለ አያቷ አደን፣ እንደ ተሰማ ትንፋሽ ሳትወስድ ትለፈልፋለች። ካፖርቱ ዝም ብሏል። ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከዚያ "ይሁን" ይላል። በቃ። ከወዲያ አንዲት ሴት፣ "አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷን ጠይቀሃታል?" አለች። ካፖርቱ አሰበ፣ አሰበና ያንን ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል የእርሱን ድምፅ አውጥቶ፣ "ዝም አለች" አለ። "ዝም ካለች እኔን መስላለች። እኔን ከመሰለች ተስማምታለች።" ማሳው በሳቅ ተናጋ። ያኔ ልጅቷ ካፖርቱን አወለቀች፣ አጥፋም እናቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው። ሳቁ ቀስ እያለ በረደ። "እኔ አልተስማማሁም" አለች በራሷ ድምፅ። "ዝም ያልኩት የጠየቀኝ ሰው ስለሌለ ነው።" ፊልሙ እዚያ ላይ አለቀ፣ መስታወቱ ላይ ነጭ ብርሃን ብቻ ቀረ።

"ምን አለች?" አለች ኢንግሪድ።

ቦሼ ነጩን ብርሃን ያያል። "ስለ አረም ነው።"

"ይህ ሁሉ?"

"አዎ።"

ኢንግሪድ ወንድይፍራውን አየችው፣ ወንድይፍራው እርሳሱን አየ። "አቶ ቦሼ፣ አረም ይህን ያህል ያስቃል?" አለች።

"የእኛ አገር አረም ያስቃል" አለና ተነሥቶ ወጣ።

በሕይወቱ ብዙ ዝም ብሏል፣ ዋሽቶ ግን አያውቅም ነበር። በማግስቱ ራሱ መጥቶ ፊልሙን እንደገና አዙሪልኝ፣ ድምፁን በደንብ አልሰማሁትም አላት። አዞረችለት። አርብ ጠዋት ሳይጠይቃት አዘጋጅታ ቆየችው። ካሳየችው በኋላ፣ "ሰኞ ሥራው ማለቅ አለበት፤ አረም ብዬ ልጻፈው?" አለችው። እስከ ሰኞ አትጻፊ አላት።

የፊልሙ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ በተኛ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ከአገር ቤት ስልክ ተደውሎለት ነበር። ቅዳሜ የጂንካ ገበያ ነው፣ አስካለ የምትሸጠውን ሸጣ በአምስት ሰዓት ስልክ ቤት ትገባለች፣ ከበቡሽ የምትባለው ስልክ ሠራተኛ መስመሩን ታገናኛለች። ደህና ነህ? ደህና። ትበላለህ? እበላለሁ። ከዚያ ዝም። ከበቡሽ በመካከል ገብታ ተቋረጠ እንዴ ትላለች፣ አስካለም "አልተቋረጠም፣ ባለቤቴ ነው፣ ሲያወራ እንዲህ ነው" ትላታለች። ባለፈው ቅዳሜ ታዲያ፣ "ተሰማ መጥቶ ነበር፤ ሠርጉን ከጥር ወደ ነሐሴ እናምጣው ይላል። ምን ልበለው?" አለችው። እርሱ ጉሮሮውን ጠረገና "ይሁን" አለ። አስካለ፣ "ሌላ የምትለው የለህም?" አለችው። የለኝም። አራት ቀን አልፎ ራሱን ካፖርት ውስጥ አየ። ዛሬ ሰኔ ሊያልቅ ነው፣ ነሐሴ ሁለት ወር አይሞላም፤ እኔ ዝም ባልኩ ቁጥር እዚያ ቦርዴ ይጠመቃል፣ ዘመድ ይጠራል፣ ልጅቷ ወደ ካኮ ትወርዳለች።

መቆጣት ነበረበት። ቁጣውን ፈልጎ ፈልጎ አጣው፣ በቦታው ሌላ ነገር ቁጭ ብሎ አገኘ። ልጅቷ ግራ እግሩ እንደምትዘገይ እንዴት አወቀች? እርሱ ራሱ አያውቅም ነበር። አንድን ሰው እንዲህ አድርጎ ለመሆን ስንት ዓመት ማየት ያስፈልጋል? ወደ ማሳ ሲሄድ ከኋላው እየተከተለች፣ ከገበያ ሲመለስ ደጅ ቆማ፣ እሳት ዳር እህ ሲል እያዳመጠች፣ እርሱ ሳያያት አይታዋለች። እኔ እኮ ማንም አያየኝም ብዬ ነበር የኖርኩት። ወንድነትንም አጥንቴ ውስጥ ያለ ነገር አድርጌ ነበር የያዝኩት፣ እርሷ ግን እጅጌው ውስጥ አገኘችው፣ ለብሳው ገባች፣ ስታበቃ አጥፋ አስቀመጠችው። እናም ዝም ካለች ተስማምታለች ማለት ምን ማለት ነው? አባቴ አስካለን ሲያጭልኝ እኔም ዝም ብዬ ነበር፣ ተስማምቼ አልነበረም፣ ፈርቼ ነበር፤ አስካለ ሆና በመገኘቷ ዕድለኛ ሆንኩ እንጂ። ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ላይ ሦስት ሰዓት ሲናገር ዝም እላለሁ፣ ተስማምቼ ነው? ገበያ ላይ ነጋዴው በቆሎዬን ሲያጣጥል ዝም እላለሁ፣ ተስማምቼ ነው? ዕድሜ ልኬን ዝም ብዬ በስንቱ አልተስማማሁም። በቀበሌው ውስጥ የዝምታን ነገር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፣ የገዛ ልጄ ዝም ስትል ግን አዎ አለች ብዬ ጊደር ተቀበልኩ። እዚህ ላይ ሳቅ መጣበት። መጀመሪያ በአፍንጫው ወጣ፣ ከዚያ ሆዱን ያዘው፣ ከዚያ አልጋው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

በሩ ተንኳኳ። ወንድይፍራው የሚኖረው በአጠገቡ ባለው ክፍል ነው። "ጋሽ ቦሼ፣ ደህና ነዎት? ሰው ሲያለቅስ የሰማሁ መስሎኝ ነው።"

"እየሳቅሁ ነው።"

"እርስዎ?"

"እኔ።"

ወንድይፍራው ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ዓይኑን አሸ። "ታዲያ መቼ ነው የምንተኛው?"

"ሲጨልም።"

"እንግዲያው ነሐሴ ድረስ እንጠብቅ" አለ ወንድይፍራው። ቦሼ ያኔ ሁሉንም ነገረው፣ ካፖርቱን፣ ተሰማን፣ በስልክ ይሁን ማለቱን፣ ልጅቷ በመጨረሻ ያለችውን። ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም፤ በመካከሉ ውኃ ጠጣ። ወንድይፍራው ሰምቶ፣ "ጠርጥሬ ነበር፤ አርሞ እንደዚያ የሚንከባለል ሰው አይቼ አላውቅም" አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ግን ጋሽ ቦሼ፣ ይህ ከተጻፈ እዚህ ሰው ሁሉ ያነበዋል፣ የቤትዎ ጉዳይ ነው። አረም ካሉ አረም ብዬ እጽፋለሁ፣ ማን ያውቃል? ኢንግሪድም የሌላ አንድ ዓመት ሥራ አዘጋጅታልዎታለች። እዚህ ይቆዩ፣ ሠርጉም እዚያው ያልቃል፣ የሚወቅስዎት የለም።" ቀላሉ መንገድ ይህ እንደሆነ ቦሼም ያውቃል። ይሁን ማለት ብቻ ነው። "ለመሆኑ እንዴት ነበር ያደረገችው?" አለ ወንድይፍራው፣ "እስቲ ያሳዩኝ።"

ቦሼ ተነሣ። መጥረጊያውን እንደ ዘንግ ያዘና በክፍሉ ርዝመት ተራመደ፣ አባት ልጁን ሆኖ፣ ልጁ አባቷን ሆና። ግራ እግሩን ለማዘግየት ሲሞክር ቀኟ ዘገየች። ዘንጉን ለማስቀደም ሲል ጠረጴዛ መታ። አንገቱን ሰበረ፣ አልሆነለትም። "አልቻልኩበትም" አለ ቆሞ። "እኔን መሆን እርሷ ትሻላለች።" ወንድይፍራው ከአልጋው ላይ ወደ ምንጣፉ ወርዶ እየሳቀ ነበር፣ ቦሼም መጥረጊያውን ተደግፎ ሳቀ፣ ከታች ያሉ ሰዎች ጣሪያቸውን እስኪመቱ ድረስ ሁለቱ ሳቁ። ሲበርድላቸው ወንድይፍራው ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠ፣ "አባቴን ካየሁት ዘጠኝ ዓመቴ ነው" አለ። "አሁን እርስዎ ሲራመዱ ለማስታወስ ሞከርኩ። እንዴት እንደሚራመድ ጠፋብኝ።" ቦሼ መጥረጊያውን አስቀመጠ። እጁን ይዞ አስነሣው።

ቅዳሜ በአምስት ሰዓት፣ በጂንካ አቆጣጠር፣ ስልኩ ጮኸ።

"የአስቻለች አባት፣ ደህና ነህ? ትበላለህ?"

"አስቻለች የት ናት?"

"ደጅ ናት፣ ዕቃ ትጠብቃለች። ምነው?"

"ጥሪያት። የምጠይቃት አለ።"

በዚህ ጊዜ ዝም ያለችው አስካለ ነበረች። ከዚያ የእግር ድምፅ ተሰማ፣ ሹክሹክታ ተሰማ፣ ትንፋሽ መጣ። "አባባ?"

ቦሼ ቆሞ ነው የሚናገረው። "ተሰማ ለልጁ ጠይቆሻል። ይሁን ብያለሁ። አንቺን ሳልጠይቅ ነው ያልኩት። አሁን እጠይቅሻለሁ።"

መስመሩ ጭር አለ። አንድ ደቂቃ ሄደ። ከበቡሽ ገባች። "ጨረሳችሁ?"

"አልጨረስንም። መልስ እየጠበቅሁ ነው።"

"ዝም ብላለች እኮ፣ ጌታዬ።"

"ሰምቻለሁ። ዝምታው መልስ አይደለም። እጠብቃለሁ።"

ጠበቀ። እንዲህ የጠበቀው አስካለ አስቻለችን ስትወልድ ነበር፣ ከደጅ ቆሞ።

"አባባ፣ አልፈልግም" አለች። "ዘጠነኛ ክፍል መግባት ነው የምፈልገው። ንጉሤም እንደ አባቱ ነው፣ አያልቅበትም።"

"ምኑ?"

"ወሬው።"

"እሺ።"

"እሺ ማለት ምን ማለት ነው?"

"አታገቢውም ማለት ነው።"

ከዚያ ማዶ አንድ ነገር ወደቀ፤ ዘንቢል ሳይሆን አይቀርም። "አባባ፣ ዛሬ ብዙ ተናገርክ። አሞሃል እንዴ?"

"ፊልሙን አየሁት። ካፖርቴን ለብሰሽ።"

ሌላ ዓይነት ዝምታ መጣ፣ እርሱም ምን ዓይነት እንደሆነ አወቀና ፈጥኖ ተናገረ። "ደህና አድርገሽዋል። ጉሮሮዬን የምጠርገው ግን ሁለት ጊዜ ነው፣ አንቺ ሦስት አደረግሽው።"

ሳቋ ስዊድን ደረሰ። "ሦስት ነው አባባ።"

"ሦስት ነው በይው" የሚል የአስካለ ድምፅ ከኋላ መጣ።

"እኔም እዚህ ስሰማ ሦስት ነው" አለች ከበቡሽ።

በዚያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወንድይፍራውን አስከትሎ ኢንግሪድ ዘንድ ሄደ። ፊልሙን ከመጀመሪያው አዙሪው አላት። ስትጨርስ የአንድ ዓመቱን ሥራ እንደማይፈልግ፣ የመመለሻ ቲኬቱ ለሐምሌ እንዲቆረጥለት ነገራት። ከዚያ ተቀምጦ የሴቶቹን ቃል አንድ ሳያስቀር፣ ስድቡንም ሳቁንም፣ የልጁንም የራሱንም፣ ቀስ እያለ አስጻፈ፤ ወንድይፍራው እርሳሱን ሁለት ጊዜ ቀረጸ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ አውሮፕላኑ ጂንካ መሐል ከተማ ባለው ሣር ላይ አረፈ። ቦሼ ሻንጣውን አንድ የሚያውቀው ሱቅ ውስጥ አኖረ፣ ሽቅብ ወደ ቤቱ በመውጣት ፋንታ ቁልቁል የካኮን መንገድ ያዘ፣ በማግስቱ ረፋድ ላይ ተሰማ ደጅ ደረሰ። ተሰማ በርጩማ አወጣለት፣ ልጁን ንጉሤንም ጠራው። ቦሼ አልተቀመጠም። ጊደሯን ነድቼ እመልሳለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የልጅቷ አይደለም አለ፤ ከዚያም ማንም ሳይጠይቀው ምክንያቱን ከመጀመሪያው ጀምሮ ይናገር ጀመር።